የክሮቸራ ጉዳትና የግቢ ውስጥ ጥገናው፦ በቆቦና በራያ ቆላ ለሚሠሩ በአራት ጎማ ለሚጎትቱ ተሽከርካሪዎች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ በኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ በሁለቱም ጫፍ የሚገኘው መስቀለኛ መጋጠሚያ፣ በጋራዥ አጠራር ክሮቸራ፣ በራያ ቆላ የመንገድ ሁኔታ ለምን ቶሎ እንደሚበላሽና ከትልቅ ጋራዥ ውጭ፣ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ፣ እንዴት ሊለወጥ እንደሚችል ያብራራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሥራው የመጭመቂያ ማሽን በሌለበት በሞርሳና በቡሶላ ሊከናወን ይችላል፤ ነገር ግን የሹካው ቀዳዳ ልክ፣ የማገጃ ቀለበቱ አቀማመጥና የዘንጉ አገጣጠም በግምት ሊታለፉ አይችሉም። ከሦስቱ አንዱ ከተጓደለ አዲሱ ክሮቸራ ከአሮጌው ባጠረ ጊዜ ይሰበራል።

1. መግቢያ

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አልፎ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የቆቦ ሜዳ በምዕራብ ከግዳንና ከላስታ ከፍታዎች፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራሮች የተከበበ ነው። ሜዳው ራሱ ከተራሮቹ በጎርፍ ታጥቦ የወረደ ደለል የተከማቸበት ነው። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉ ወንዞች በዝናብ ወቅት ድንገት ሞልተው ይወርዳሉ፤ በበጋ ደግሞ አብዛኛው አልጋቸው ሰፊ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ለገበሬው ይህ ጎርፍ የማሽላና የጤፍ ማሳ ማጠጫ ነው፤ ለተሽከርካሪው ግን አሸዋ፣ ጭቃና ውሃ በአንድ ጉዞ የሚፈራረቁበት መንገድ ነው።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎች ለመድረስ፣ የክትባት መድኃኒት ለማድረስ፣ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፕ ለመጠገን ወይም ሽንኩርት ከማሳ ለማንሣት የሚሠማሩት በአብዛኛው ላንድክሩዘርና ፒካፕ የመሳሰሉ በአራት ጎማ የሚጎትቱ መኪኖች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከመንገድ ሲቀር ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አያበቃም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት አካባቢው የውጊያ ቀጠና ሆኖ፣ አውራ ጎዳናውም ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። እንዲህ ያለው ጊዜ በአካባቢው ባለ መሣሪያና ዕውቀት በአግባቡ መጠገን መቻል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል።

ክሮቸራ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስብራቱ ግን ትንሽ አይደለም። የኋላው ዘንግ በፊት ጫፉ በኩል ከተለቀቀ መሬት ላይ ወድቆ ሊተከልና መኪናውን ከኋላው ሊያነሣ ይችላል፤ እየተሽከረከረ ከቀጠለም የፍሬን ዘይት መስመሩንና የነዳጅ ጋኑን ይመታል። ስለዚህ ጉዳዩ የወጪ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

2. ስያሜና አሠራር

ክሮቸራ የሚለው ቃል መስቀል ከሚለው የጣሊያንኛ ስም የተገኘ ነው። ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞርሳና ግራሶም ከዚያው ቋንቋ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። በቆቦ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ ከተዘረጋው መንገድ አካል መሆኑ ሲታሰብ፣ ቃሉና መንገዱ ጎን ለጎን መምጣታቸው አያስገርምም። መጋጠሚያው ራሱ በአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራው በጣሊያናዊው ሊቅ በጄሮላሞ ካርዳኖ (1501–1576 እ.ኤ.አ.) ስም ሲሆን፣ እንቅስቃሴውን በ17ኛው መቶ ዓመት የመረመረው ደግሞ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት ሹካዎች በ90 ዲግሪ ተላልፈው አንድ መስቀል በመካከላቸው ይይዛሉ። የመስቀሉ አራት ክንዶች እያንዳንዳቸው በውስጡ ቀጫጭን የመርፌ ኩሽኔታዎች በተደረደሩበት ኩባያ ውስጥ ይገባሉ፤ ኩባያው በሹካው ቀዳዳ ውስጥ ተጨምቆ ይቀመጣል፤ እንዳይወጣም ማገጃ ቀለበት ይይዘዋል። ዘንጉ ይህን መጋጠሚያ የሚፈልገው ካምቢዮው በሻሲው ላይ ተጣብቆ ሲቆም፣ ዲፈረንሻሉ ግን ከባሌስትራው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚል ነው። በዚሁ ምክንያት ዘንጉ ማጠርና መርዘም እንዲችል ተንሸራታች መጋጠሚያም አለው።

መስቀለኛ መጋጠሚያ አንድ የተፈጥሮ ጉድለት አለው። ዘንጎቹ አንግል ሠርተው ሲገናኙ፣ ገቢው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም ወጪው ዘንግ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን አንግል β ብንለው፣ የወጪው ፍጥነት ከገቢው አንጻር ከ cos β እስከ 1/cos β ይለዋወጣል። ገቢው ዘንግ በደቂቃ 1,000 ዙር ቢዞር፣ በ5 ዲግሪ አንግል ወጪው ከ996 እስከ 1,004፣ በ10 ዲግሪ ከ985 እስከ 1,015፣ በ20 ዲግሪ ከ940 እስከ 1,064 ይደርሳል። አንግሉ በእጥፍ ሲያድግ መዋዠቁ አራት እጥፍ ያህል ያድጋል።

ይህን ጉድለት የሚያርመው ሁለተኛው ክሮቸራ ነው። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ሹካዎች በአንድ ጠለል ላይ ከዋሉና ሁለቱ አንግሎች እኩል ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ያመጣውን መዋዠቅ ሁለተኛው ያጠፋዋል። ሹካዎቹ በ90 ዲግሪ ተዛንፈው ከተገጠሙ ግን ሁለቱ ጉድለቶች ይደመራሉ፤ በ10 ዲግሪ አንግል 1.5 በመቶ የነበረው መዋዠቅ ወደ 3 በመቶ ያድጋል። ዘንግን ሲፈቱ ምልክት ማድረግ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

3. የጉዳት መንሥኤዎች

የመጀመሪያው መንሥኤ የግራሶ እጦት ነው። የመርፌ ኩሽኔታዎቹ እንደ ጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር አይዞሩም፤ በዘንጉ አንግል ልክ ብቻ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ የመስቀሉን ክንድ አንድ ሥፍራ ይጫናሉ። ግራሶው ካለቀ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ቀይ የዝገት ዱቄት ይፈጥራል፤ ዱቄቱም ራሱ ተጨማሪ ፈጪ ይሆናል። በመጨረሻ በክንዱ ላይ መርፌዎቹ በተኙበት ልክ ትይዩ ጉድጓዶች ይቀረጻሉ።

ሁለተኛው ውሃና አሸዋ ነው። በረጅም ጉዞ የሞቀ መጋጠሚያ በድንገት ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ ያረጀ የጎማ ማኅተም ካለም ውሃን ከነደለሉ ወደ ውስጥ ይስባል። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ኩሽኔታው ዝጎ ይገኛል።

ሦስተኛው ከልክ ያለፈ የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ለምሳሌ ሞተሩ 280 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፣ አንደኛ ማርሽ 4 ጊዜ፣ ዝቅተኛው የኃይል ማከፋፈያ ማርሽ ደግሞ 2.5 ጊዜ ቢያባዛው፣ በፍትጊያ የሚጠፋው ሳይቀነስ ወደ ዘንጎቹ የሚደርሰው 2,800 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አሸዋ ውስጥ እየተሽከረከረ የነበረ ጎማ ድንገት ድንጋይ ሲነክስ የሚፈጠረው ምት ከዚህም ይበልጣል።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው፤ ከአሸዋ ወጥቶ አስፋልት ላይ የፊቱን ጉተታ ሳያለያዩ መንዳት። የፊትና የኋላ ዘንግን የሚያቻችል ማዕከላዊ ዲፈረንሻል በሌላቸው መኪኖች፣ በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይጓዛሉ። አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ልዩነቱ በዘንጎቹ ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይከማቻል፤ ሸክሙንም ክሮቸራዎቹ ይሸከማሉ።

አምስተኛው የአንግል ለውጥ ነው። ለጭነት ሲባል በባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ሲጨመር መኪናው ከፍ ይላል፤ ባዶውን ሲሄድም ዘንጉ ፋብሪካው ካሰበው በላይ ይዘነበላል።

4. ምርመራ

ሦስት ምልክቶች ይታያሉ። አንደኛው ማርሽ ሲገባ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ሲለወጥ የሚሰማ የብረት ምት ነው። ሁለተኛው በዝግታ ሲነዳ ከፍጥነት ጋር እየተቀራረበ የሚሄድ የወፍ ጭጭታ የመሰለ ድምፅ ሲሆን፣ የደረቀ ኩሽኔታን ያመለክታል። ሦስተኛው በፍጥነት የሚጨምር ንዝረት ነው።

ንዝረቱ ለምን በፍጥነት እንደሚያይል በስሌት ማሳየት ይቻላል። የጎማው ዙሪያ 2.4 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ጥምርታ 4.1 ቢሆን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ዘንጉ በሰከንድ 38 ጊዜ ይዞራል። በተበላው ክሮቸራ በኩል ያለው የዘንጉ ግማሽ ክብደት 5 ኪሎ ግራም ሆኖ ከማዕከሉ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሸሽ፣ 140 ኒውተን ገደማ ኃይል ይፈጠራል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ይኸው ኃይል 36 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። በወንዝ አልጋ ላይ ያልተሰማ ጉዳት በወልድያ መንገድ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ለማረጋገጥ መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ደግፎ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማርሹን ነጻ ማድረግ ይገባል። ከዚያም የመጋጠሚያውን ሁለት ወገን በሁለት እጅ ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ ማወዛወዝ ነው። በመስቀሉና በኩባያው መካከል በዓይን የሚታይ ልቅነት ካለ መለወጥ አለበት። ዘንጉ በአጠቃላይ ጥቂት ዲግሪ መዞሩ ግን ከዲፈረንሻሉ ጥርሶች ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በኩባያዎቹ ዙሪያ የሚታይ ቀይ ዱቄት ግን አሳሳቢ ምልክት ነው።

5. የጥገናው ሂደት

ለሥራው የሚያስፈልጉት ጠንካራ ሞርሳ፣ የተለያየ ስፋት ያላቸው ቡሶላዎች፣ የቀለበት ማውጫ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የብረት ብሩሽ፣ ካሊፐር፣ ግራሶ ፓምፕና ለማጠቢያ ነጭ ጋዝ ናቸው። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ለማጠቢያ አይመረጥም። ከሁሉ በፊት የጎማዎቹ ድጋፍ ይረጋገጣል፤ የኋላው ዘንግ ከተፈታ በኋላ ማርሽ ማስገባት የኋላ ጎማዎቹን አይዝም። በላንድሮቨርና በአሮጌ ላንድክሩዘሮች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ በዘንጉ በኩል ስለሚሠራ፣ ዘንጉ ሲወርድ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። በተዳፋት ግቢ ውስጥ ይህን መዘንጋት ከመኪናው ሥር ለተኛው ሰው አደገኛ ነው።

ማውረድ። ቡሎኖቹ ከመፈታታቸው በፊት ፍላንጅና ሹካ በተገናኙበት፣ እንዲሁም ተንሸራታቹ መጋጠሚያ በሚገባበት ቦታ የማይጠፋ ምልክት ይደረጋል። አንዳንድ የፊት ዘንጎች ሹካዎቻቸው ሆን ተብሎ ተዛንፈው ከፋብሪካ ስለሚወጡ፣ በሚገጠምበት ጊዜ የሚታመነው ምልክቱ እንጂ የዓይን ግምት አይደለም። ዘንጉ በአንድ ጫፉ ከተለቀቀ በኋላ በሌላው ክሮቸራ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም።

ማውጣት። ኩባያዎቹ ዙሪያቸው ከጸዳ በኋላ ማገጃ ቀለበቶቹ ይወጣሉ። ሹካው በሞርሳ መንጋጋዎች መካከል ይገባል፤ በአንድ ወገን ከኩባያው ጠበብ ያለ ቡሶላ ለመግፊያ፣ በሌላው ወገን ኩባያው ሊገባበት የሚችል ሰፊ ቡሶላ ለመቀበያ ይደረጋል። ሞርሳው ሲጠብቅ አንደኛው ኩባያ ወደ ሰፊው ቡሶላ ይወጣል። ከዚያ ሹካው ተገልብጦ ሁለተኛው ይገፋል። የዘንጉን ቱቦ በሞርሳ መጭመቅ ወይም በመዶሻ መምታት ሚዛኑን ስለሚያዛባ ክልክል ነው።

መለካት። ጥገናው እንዲቀጥል ወይም እንዲቆም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ከዝገትና ከተነሣ ብረት ከጸዳ በኋላ አዲሱ ኩባያ ይሞከራል። ኩባያው በጭመቃ ብቻ መግባት አለበት፤ በጣት ግፊት ከገባ የሹካው ቀዳዳ ሰፍቷልና አዲስ ክሮቸራ መግጠም ችግሩን አይፈታም፤ ሹካው ወይም ዘንጉ መለወጥ አለበት። አዲሱ ዕቃ ከመገዛቱ በፊትም የአሮጌው ኩባያ ስፋትና ከኩባያ እስከ ኩባያ ያለው ርዝመት በካሊፐር ተለክቶ መመዝገብ ይገባዋል፤ የመኪናውን ዓይነት መጥራት ብቻውን በቂ አይደለም።

መግጠም። በአዲሶቹ ኩባያዎች ውስጥ ያሉት መርፌዎች ሁሉ ቆመው በግራሶ መያዛቸው ይታያል። መስቀሉ ወደ ሹካው ይገባል፤ የግራሶ ማስገቢያው ዘንጉ ሲገጠም ፓምፕ ሊደርስበት ወደሚችል አቅጣጫ ይዞራል። አንዱ ኩባያ በከፊል ከተጨመቀ በኋላ የመስቀሉ ክንድ ወደ ውስጡ ይገፋና መርፌዎቹን ከመውደቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ተቃራኒው ኩባያ ይከተላል። ኩባያው የማገጃ ቀለበቱ ቦይ እስኪታይ ድረስ ካልገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መርፌ ወድቆ በኩባያው ግርጌ ተጋድሟል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መዶሻ ማንሣት ኩባያውን ይሰነጥቃል፤ መፍትሔው አውጥቶ መርፌውን መመለስ ነው።

ቀለበት። ማገጃ ቀለበቶቹ በቦያቸው ሙሉ በሙሉ መቀመጣቸው ተዟዙሮ ይታያል። ቀለበቶች በተለያየ ውፍረት ሲሸጡ፣ በተቃራኒ ወገኖች እኩል ውፍረት ያላቸው ይመረጣሉ፤ ካልሆነ መስቀሉ ከማዕከሉ ይሸሻል። በቶዮታ የጥገና መመሪያዎች የተለመደው የልቅነት ወሰን 0.05 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በእጅ ሲሞከር ምንም ልቅነት አይሰማም ማለት ነው። ሹካው በቀስታ ሲመታ ኩባያዎቹ ወደ ቀለበቱ ይደገፋሉ፤ መጋጠሚያውም በሁሉም አቅጣጫ ሳይንገራገጭ መንቀሳቀስ አለበት።

ማጠናቀቅ። ግራሶው በአራቱም ኩባያዎች ማኅተም በኩል እስኪታይ ይሞላል። ከአንዱ ካልወጣ፣ ያ ክንድ ደረቅ ነው፤ መስቀሉን በማወዛወዝ መንገዱ እስኪከፈት ይሞከራል። ዘንጉ በምልክቱ መሠረት ይገጠማል፤ ቡሎኖቹ በአምራቹ በታዘዘው ልክ በተራ በተራ ይጠብቃሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ።

6. ሊወገዱና ሊደገፉ የሚገባቸው አማራጮች

መለዋወጫ ሲጠፋ ሁለት መላዎች ይፈጠራሉ። አንዱ የሰፋውን ቀዳዳ በቆርቆሮ ቁራጭ ማጥበብ ነው። ቆርቆሮው በሸክም ሥር ተጨፍልቆ ይሳሳል፤ ኩባያውም ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ከላይ የተሰላው ንዝረትም ይከተላል። ሌላው ኩባያውን ከሹካው ጋር መበየድ ነው። የኩባያው ውስጠኛ ገጽ በሙቀት አያያዝ እንዲጠነክር የተደረገ ብረት ነው፤ የብየዳው ሙቀት ይህን ጥንካሬ ያጠፋል፤ የጎማ ማኅተሙን ያቃጥላል፤ ሹካውንም ለቀጣይ ጥገና የማይሆን ያደርገዋል። ሁለቱም መላዎች ጥገና መስለው ስብራቱን ለሌላ ቀን ያስተላልፋሉ።

የሚደገፈው አማራጭ የተበላሸውን ዘንግ ጨርሶ አውርዶ በሌላው ዘንግ መመለስ ነው። የኋላው ክሮቸራ ለምሳሌ በዞብል አቅጣጫ ቢሰበር፣ ማዕከላዊ ዲፈረንሻል በሌለው መኪና ላይ የኋላው ዘንግ ይወርዳል፤ የፊት ጎማዎች ጉተታ ይቆለፋል፤ የኃይል ማከፋፈያውም ወደ አራት ጎማ ይገባል። መኪናው በፊት ጎማዎቹ ብቻ ይጓዛል። ይህ የሚሆነው ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ በፍላንጅ የታሰረ ከሆነ ነው፤ ዘንጉ ወደ ማከፋፈያው ሳጥን ተንሸራቶ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ክፍት የሚቀረው ቀዳዳ ዘይት ያፈስሳል። ጭነት ማውረድ፣ ዝግ ብሎ መንዳትና ከባድ ዳገትን መሸሽ ግዴታ ነው።

የፊት ጎማዎች መጋጠሚያ ከዚህ የተለየ መሆኑም መታወቅ አለበት። መሪ ሲጠመዘዝ አንግሉ በጣም ስለሚሰፋ፣ በዚያ ቦታ ያለው ፍጥነትን ሳያዋዥቅ በብረት ኳሶች የሚያስተላልፍ መጋጠሚያ ነው። መሪው ተጠምዝዞ ሲነዳ የሚሰማው ተደጋጋሚ ቀጭታ የእርሱ ምልክት ነው፤ ጥገናውም የጎማ እምብርቱን መፍታት ስለሚጠይቅ ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጭ ነው።

7. መደምደሚያ

በቆቦ ሜዳ የክሮቸራ ዕድሜ የሚለካው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በተሻገረው ውሃና በተሞላው ግራሶ ነው። አምራቾችም በአቧራና በውሃ ውስጥ ለሚሠራ ተሽከርካሪ የግራሶ ጊዜው እንዲያጥር ያዝዛሉ። ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ልማድ ከኪሎ ሜትር ቆጠራው በተጨማሪ፣ የዘንጉን መጋጠሚያዎች ያጠለቀ ወንዝ በተሻገሩበት ሳምንት ውስጥ ውሃው ተገፍቶ እስኪወጣ አዲስ ግራሶ መሙላት ነው። ከአስፋልት ሲደርሱ የፊቱን ጉተታ ማለያየት ደግሞ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥበቃ ነው።

ለተመራማሪዎችም ቀላል የጥናት በር አለ። በየጋራዡ የሚጣሉት አሮጌ መስቀሎች ከየትኛው ዘንግና ከየትኛው ጫፍ እንደወጡ ተጽፎባቸው ቢሰበሰቡ፣ የግራሶ እጦትን ጉዳት ከመጠምዘዝ ጉዳት መለየት ይቻላል፤ በግራሶ እጦት የሞተ ክንድ ዝገትና ቀይ ዱቄት ይዞ ይገኛል፤ በምት የተሰበረ ግን ንጹሕ ስንጥቅ ያሳያል። እንዲህ ያለው ስብስብ ለራያ ቆላ መንገዶች የሚስማማውን የጥገና ጊዜ ከግምት ወደ ልክ ያሸጋግረዋል።